ቅዱስ ያሬድ የተጠራበትን ሥራ እንዴት እንዳገኘ

ሰው ሁሉ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ፈጣሪው ያሰበለት ሥራ አለው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ያን ሥራ ፈጥነው አያገኙትም፤ አንዳንዱም ከደጁ ደርሶ ድካሙን በማየት ይመለሳል። ስለዚህ ነገር የቅዱስ ያሬድ ሕይወት ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። በሰባት ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን ያስተምር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ሕፃኑ ግን ትምህርት አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ ዳዊት ደግመው ሲያልፉ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ መምህሩም ገረፈው። እርሱም ተስፋ ቆርጦ ሸሸ።

በመንገድም ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ሲወጣና ሲወድቅ ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩ ተመልሶም ይቅርታ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባናል። በዚያች ሰዓት ለያሬድ የተገለጠለት ዜማው አልነበረም፤ ወደ ፊት የሚያገኘው ክብርም አልነበረም። የተገለጠለት ትዕግሥት ብቻ ነው። የተመለሰውም ወደ ሌላ አገር ሳይሆን ወደ ወደቀበትና ወደ ተገረፈበት ጉባኤ ነው። መምህሩም አላሳፈረውም፤ ተቀብሎ ጸለየለት። ከዚያ በኋላ ልቡናው ተከፍቶ ብሉይንና ሐዲስን ተማረ፤ ዲቁናም ተሾመ።

ጸጋው የተሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከኤዶም ገነት የመጡ ሦስት አዕዋፍ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ በዚያም የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ተመልሶም በአክሱም ጽዮን ዘመረ፤ ዜማውንም በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ አደራጀው። ድጓውን ከዓመቱ ወቅቶችና በዓላት ጋር አስማምቶ ሠራ።

አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በጦሩ እግሩን ወጋው፤ ደሙ ሲፈስም ማኅሌቱ እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ስለ ፈሰሰው ደም የፈለገውን እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ያሬድ ግን ርስትና ሹመትን ትቶ ወደ ገዳም ለመሄድ ብቻ ለመነ። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄዶ በጾምና በጸሎት ኖረ፤ በጸለምትም ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ተሰወረ። ስጦታውን ለራሱ ክብር ያላደረገ ሰው እንዲህ ይፈጽማል።

በጋይንት ምድር ያላችሁ ምእመናን የዚህ ርስት ጠባቂዎች ናችሁ። ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረውም በዙር አምባ ነው፤ ሁለቱም በአገራችሁ ናቸው። በአርብ ገበያ መንገድ አኩፋዳውን አንግቶ የሚያልፍ ተማሪ ትምህርቱ ከብዶት ልቡ ወደ ሽሽት ቢያዘነብል፣ ያሬድም አንድ ቀን እንደ ሸሸ ንገሩት፤ ቁራሽም አትንፈጉት። መምህራንም ዘግይቶ የሚገባውን ተማሪ አትናቁ፤ ሲመለስ ደጁን ክፍት ያግኘው። ማን ያውቃል፤ እግዚአብሔር የመረጠው ከሁሉ ኋላ የቀረውን ሊሆን ይችላል።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።