የሱሁር ድምፅና የዒድ ሰደቃ፦ ቢላል ኢብኑ ረባሕ

ዛሬ ለሱሁር የምንነሳው በስልካችን ደወል ነው። የመዲና ሰዎች ግን የሚነሱት በአንድ ሐበሻ ድምፅ ነበር። ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያደርጋል፤ የተኛው ይነቃል፣ በሰላት የቆመውም ወደ ማዕዱ ይመለሳል። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ዑሚ መክቱም አዛን ያሰማል፤ ያን ጊዜ እጅ ከምግብ ይሰበሰባል። የከተማዋ ጾም የተያዘው በእነዚህ በሁለቱ ድምፅ ነበር።

ቢላል በመካ የዑመያ ኢብኑ ኸለፍ ባሪያ ነበር። ሲሰልም ጌታው በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጫነበት፤ እርሱ ግን የአላህን አንድነት መመስከሩን አልተወም። አቡ በክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነፃ አወጣው። የረመዷን ጾም በተደነገገበት በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በዚያው ወር፣ ዑመያ በበድር ተገደለ።

በዒድ ቀን አዛንም ኢቃማም የለም። ቢላል ግን በዚያም ቀን ሥራ አላጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሜዳው ሰላት ሲወጡ አጭር ጦር ይዞ ከፊታቸው ይሄዳል፣ ጦሩንም ከፊታቸው ይተክለዋል። ጦሩ ከነጃሺ የመጣ ስጦታ እንደነበር የዘገቡ አሉ፤ እኛ የሐበሻ ልጆች ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል።

ከኹጥባው በኋላ የሆነውን ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶቹ ንግግራቸውን እንዳልሰሙ ስለገመቱ ቢላልን አስከትለው ወደ እነርሱ ሄዱ፤ መከሯቸው፣ በሰደቃም አዘዟቸው። ቢላል ልብሱን ዘረጋ። ሴቶቹ ከጆሯቸው ጉትቻ፣ ከጣታቸው ቀለበት እያወለቁ ጣሉበት። ትናንት ራሱ በገንዘብ የተሸጠና የተገዛ ሰው የእመቤቶችን ወርቅ ለድሆች በአደራ ተቀበለ።

እኛ ኢማሞች እዚህ ላይ እናፍራለን። አንድ ዒድ ድምፅ ማጉያው እናቶችና እህቶች ወደተቀመጡበት እንዳልደረሰ የሰማነው ሰላቱ አልቆ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ተነስተን አልሄድንላቸውም። ሰደቃውንም የሰበሰብነው ከወንዶቹ ሰልፍ ብቻ ነበር።

መካ በ8ኛው ዓመት ስትከፈት ቢላል ከከዕባ ጣሪያ ላይ አዛን አደረገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ግን መዲና ከበደችው፤ ወደ ሻም ሄደ። በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ እዚያው አረፈ። በደማስቆ በባቡ ሰጊር መቃብር እንደተቀበረ ይነገራል።