አባ መላና የሞያሌ ወሰን
የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ ሲደርስ የኢትዮጵያ ምድር ያበቃል። ሞያሌ ስሟ አንድ ሲኾን አስተዳደሯ ግን ሁለት ነው፤ ሰሜኑ ክፍሏ የኢትዮጵያ፣ ደቡቡ ክፍሏ የኬንያ ነው። በኬንያው ሞያሌ ገበያ የሚውለው ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ ወይም ቡርጂ፣ ከወሰኑ ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው አይገኝበትም። ፍየሉን እዚህ አርብቶ እዚያ ይሸጣል፤ ሚስቱን ከዚያ አጭቶ እዚህ ያገባል። አንድ ሕዝብ በአንድ መሥመር ለሁለት የተከፈለበትን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ወደ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ዘመን መመለስ አለበት። አገሩን ወደ ምኒልክ መንግሥት ያስገቡት እርሳቸው ናቸውና፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ቦረናን በእንደራሴ የገዙት እርሳቸው ነበሩ።

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1840ዎቹ ዓመታት፣ ኦሮሞና ጉራጌ በሚዋሰኑበት በጨቦ አገር ተወለዱ። የምኒልክ ጦር ያን አገር በወጋ ጊዜ ገና በወጣትነታቸው ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በምርኮ የገባ ልጅ የትልቅ ሰው ቤት አገልጋይ ኾኖ መቅረቱ የተለመደ ነበር። እኒህ ግን በጦር ሜዳ ባሳዩት ጽናት፣ ከዚያም ይልቅ ነገርን በማመዛዘን ችሎታቸው፣ ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ወጡ። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነው፤ ሰዎችም ይህን ስም የሚጠሩት ስለ ፈረሱ ሳይኾን ስለ ሰውዬው ብልሃት ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ስመ ጥሩው ፊታውራሪ ገበየሁ ስለ ወደቁ፣ ዐፄ ምኒልክ ማዕርጉን ለሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ። ያ የተማረከ ልጅ የማረከውን ጦር ፊት የሚመራ አለቃ ኾነ። የአንድነት ነገር በእኒህ ሰው ዘንድ በቃል የተማሩት ሳይኾን በራሳቸው ላይ የደረሰ ጉዳይ መኾኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የቦረና ዘመቻ የተደረገው ከዐድዋ ድል ቀጥሎ በ1889 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ወራት አውሮፓውያን መንግሥታት አፍሪካን እየተሻሙ ነበር፤ ከሞምባሳ የተነሣው እንግሊዝ ወደ ሰሜን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር የተነሣው ኢጣሊያ ወደ ምዕራብ ይገፋ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አስቀድመው በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን አሳውቀው ነበርና፣ በወረቀት የተባለው በምድር ላይ ካልተያዘ ዋጋ እንደማይኖረው ያውቁ ነበር። የቦረና ሕዝብ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆበት የተዳከመ፣ ጠመንጃም የሌለው ስለ ነበረ፣ ለረጅም ጊዜ መቋቋም አልቻለም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ያገኙት አገር ግን ሥርዓት የሌለው ባዶ ምድር አልነበረም። ቦረና በገዳ ሥርዓት ይተዳደራል፤ አባ ገዳው ስምንት ዓመት ያገለግልና ለተከታዩ ያስረክባል። በየስምንቱም ዓመት ሕዝቡ ጋዮ በሚባለው ስፍራ ጉሚ ጋዮ የሚባለውን ታላቅ ጉባኤ ያደርጋል፤ በዚያ የተሰበሰበው ሁሉ በየተራው ይናገራል፤ አሮጌው ሕግ ይመረመራል፤ አዲስ ሕግ ይወጣል፤ ባለሥልጣኑም ቢያጠፋ ይጠየቃል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶችም የራሳቸው ሕግና የውሃ አባት አላቸው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ በስምምነት ይወሰናል። ብዙ ሰው ዴሞክራሲ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ነገር ይመስለዋል። ጉሚ ጋዮን ያየ ግን እንዲህ አይልም።

አዲሱ አስተዳደር ይህን ጉባኤ አላፈረሰውም፤ ከበላዩ ግን ሌላ ሥርዓት ጫነበት። የጦር ሰፈር ተተከለ፤ ባላባቶች ተሾሙ፤ ከብት አርቢው ለነፍጠኛው ገባር ኾኖ በከብት፣ በቅቤና በጕልበት ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። ፊታውራሪው ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስለሚቀመጡ፣ አገሩን የሚያዩት በእንደራሴዎቻቸው ዓይን ነበር። የሩቅ አገር አስተዳደር ጠባዩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከዋናው ከተማ የወጣው ትእዛዝ መልካም ቢኾንም እንኳ በመንገድ ላይ ይለወጣል። ብዙዎች ቦረናና ገብራዎች ግብሩ ሲከብድባቸው ከብታቸውን እየነዱ ወደ እንግሊዝ ግዛት ተሻገሩ። እንግሊዞችም በበኩላቸው የዝሆን ጥርስ ፈላጊ ባለ ጠመንጃዎች ከኢትዮጵያ ወገን እየወረዱ አገሩን ያውካሉ በማለት ዘወትር ይከሱ ነበር።

እንግዲህ ወሰኑ መሠመር ነበረበት። በ1895 ዓ.ም. አካባቢ በተር የሚባል እንግሊዛዊ የመራው ጉዞ አገሩን ለካ፤ ከእርሱ ጋራ የነበረው የጦር መሐንዲስ ሞድም ካርታውን አነሣ። ከዚያም በኋላ በእንግሊዝ አገልግሎት የነበረ ዛፊሮ የሚባል ግሪካዊ የወሰን ተቈጣጣሪ ኾኖ ሞያሌ ላይ ተቀመጠ፤ ሰፈሩም በአዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። የወሰኑ ውል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው በኅዳር 1900 ዓ.ም. ነው። በውሉ ውስጥ ለነጋዴና ለአገር ገዥ ዛሬም ሊያስተውሉት የሚገባ አንቀጽ አለ፤ ይኸውም በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው ከማዶ ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ የውሃ ጕድጓዶችም ለሁለቱም ወገን ክፍት እንዲኾኑ የሚፈቅድ ነው፤ በተሻገሩ ጊዜ ግን ለደረሱበት አገር ሹም ይታዘዛሉ። በዓመቱ ሻለቃ ግዊን የሚባለው እንግሊዛዊ መኰንን መሥመሩን በምድር ላይ ሲያመለክት በአንዳንድ ስፍራ ከውሉ ስለ ራቀ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለብዙ ዘመን ሳይቀበለው ቆየ። የሞያሌ ወሰን ክርክር የመጨረሻ እልባት ያገኘው ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በተፈራረሙት ውል ነው።

ያ የወሰን ውል በተፈረመበት በ1900 ዓ.ም.፣ ከዚያ በፊት በነበረው በጥቅምት ወር፣ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ሀብተ ጊዮርጊስም የጦር ሚኒስትር ኾኑ። ከዚህ ጀምሮ የሕይወታቸው ታሪክ ከአገሪቱ ታሪክ አይለይም። ንጉሠ ነገሥቱ በበሽታ ወድቀው ለመናገር በተሳናቸው ጊዜ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን እንዲርቁ መኳንንቱ ሲመክሩ እርሳቸው ከዋናዎቹ መካሪዎች አንዱ ነበሩ። የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ደግሞ፣ መንግሥቱን ከመፍረስ የጠበቀው የሚኒስትሮቹ ጉባኤና በእጃቸው የነበረው የመሐል ሰፋሪ ጦር ነው።

ስለ መሪነት የነበራቸው አሳብ ከጻፉት ሳይኾን ከሠሩት የሚታወቅ ነው። በእርሳቸው ዘንድ ንጉሥ የሚነግሠው ከታወቀው ዘር ነው፤ የነገሠውም የሚገዛው ከታላላቆች ጋራ እየመከረ ነው። ምክርን የናቀ ንጉሥ ቃል ኪዳኑን ራሱ እንዳፈረሰ ይቈጠራል። ልጅ ኢያሱ ከዋና ከተማው እየራቁ፣ ሚኒስትሮቹንም ቸል እያሉ ዓመታት ባለፉ ጊዜ፣ መኳንንቱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሰብስበው ሻሯቸው፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ።

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሏቸው፤ አዲስ አበባም ተሸበረች። በዚህ ጊዜ አባ መላ ስማቸውን የሚያስጠራ ሥራ እንደ ሠሩ ይነገራል፤ ለንጉሡ በልባቸው ወዳጅ መስለው መልእክት እየላኩ ግስጋሴያቸውን አዘገዩ፤ በተገኘውም ጊዜ የሸዋና የሌላው አገር ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በዚያ ቀን የወደቀው የሰው ብዛት ለብዙ ዘመን የተለቀሰበት ነው፤ አንድነት በምክር የሚጠበቅ ነው ሲሉ የኖሩት ሰው በሰይፍ ለመጠበቅ ተገደዱ።

ከሰገሌ በኋላ አገሪቱ ሦስት ዓምድ የቆመላት ትመስል ነበር። ንግሥቲቱ ዘውዱን፣ አልጋ ወራሹ የውጭ ጉዳይንና አዲሱን ሥራ፣ ፊታውራሪው ጦሩንና ጥንታዊውን ልማድ ያዙ። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብለው ሲጠይቁ፣ ሁሉም ተሻሩ፤ ሳይነኩ የቀሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። አንዳንዶች ይህን የሕዝብ ድምፅ የተሰማበት ቀን አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን የተሰማው የባለ ጠመንጃው ድምፅ ነበር፤ ወታደሩን የሚያበላው ገባር፣ በቦረናም ቢኾን በሸዋ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ቃል አልነበረውም። የአባ መላ ጕባኤ ሰፊ ቢኾንም በሩ የሚከፈተው ለባለ ማዕርግ ነበር። አንድ የቦረና እረኛ በጋዮ ዛፍ ሥር የሚናገረውን ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሰማው አልነበረም።

አዲስ ነገርን ሁሉ ይጠሉ ነበር የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ከውጭ መንግሥታትና ከባዕድ ኩባንያዎች ጋራ የሚደረገውን ውል በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ በወሰን ላይ የደረሰውን ያየ ሰው በዚህ አይፈርድባቸውም። አገሪቱ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ብዙ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን ሲጐበኙ፣ ዋና ከተማውን ጸጥ አድርገው የጠበቁት ፊታውራሪው ናቸው። በአሳብ የማይስማሟቸውን ሰው ከኋላ መውጋት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ይህ ከጦር ሜዳው ድል ሁሉ የሚበልጥ ሥራቸው ሳይኾን አይቀርም።

አቡነ ማቴዎስ በኅዳር 1919 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ብዙ ቀን ሳይቈዩ በታኅሣሥ ተከተሏቸው። ልቅሶው ገና ሳያባራ ራስ ተፈሪ የሟቹን ጦር በእጃቸው አስገቡ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ መጥተው ሳይዋጉ ትጥቃቸውን ፈቱ፤ በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ አልጋ ወራሹ ንጉሥ ተባሉ። አሥር ዓመት የቆመው ሚዛን በአንድ ሰው መቃብር ወደቀ፤ በሕግ ያልተጻፈ፣ በሰውዬው ትዕግሥት ብቻ የተያዘ ነበርና። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት አቋቋመ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሚለው ቃል ግን አብሮ ስለ ገባ፣ አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ በቀጥታ እንደራሴዎቹን የመረጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሞያሌም ብዙ አየች። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች የእንግሊዙን ምሽግ ያዙ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቀቁት። ከዚያ በኋላ በወሰኑ ግራና ቀኝ በጎሣዎች መካከል ስለ ግጦሽና ስለ አስተዳደር ወሰን ብዙ ጊዜ ደም ፈሰሰ። በአዲስ አበባ ስማቸውን የያዘው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰውን ከማዶ ወደ ማዶ ሲያሻግር ኖሯል። በሞያሌ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች በጋራ የሚሠራ የድንበር መፈተሻ መርቀው ከፈቱ፤ ቀድሞ በሁለቱም ወገን ሁለት ጊዜ ይመረመር የነበረው ጭነት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመረመር ነው። በ1900 ዓ.ም. ውል የተጠቀሱት እረኞችም ዝናብ በጠፋ ጊዜ ከብታቸውን እየነዱ ውሃ ወዳለበት ወገን ይሻገራሉ።