ኦቶ ሽተርን፤ የጨውን ገጽ በአቶም የዳሰሰው ሊቅ

የመቱ ክረምት ዝናብ ሌሊት በቤታችን ጣራ ላይ ሲወርድ፣ ዓይናችን በጨለማ ምንም ባያይ እንኳ ጣራው ቆርቆሮ ይሁን የሣር ክዳን ከድምፁ እናውቃለን። የማይታይ ነገር በሚመታው ነገር ይታወቃል ማለት ነው። በዚሁ ዓይነት ዘዴ የጠጣር ነገሮችን ገጽ የመረመረው ሊቅ ኦቶ ሽተርን ይባላል።

ሽተርን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ሶራው በምትባል ከተማ ከእህል ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። በ1912 የዶክተርነት ማዕርጉን በብሬስላው ከተቀበለ በኋላ፣ ወደ ፕራግና ወደ ዙሪክ ሄዶ ከአይንሽታይን ጋር ሠራ። በ1922 ከቫልተር ገርላኽ ጋር ሆኖ በፍራንክፈርት የብር አቶሞችን በማግኔት መካከል አሳለፈ፤ ጨረሩም ለሁለት ተከፈለ። ይህ ሥራ ስሙን በዓለም አስጠራው።

በ1923 የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ከረዳቱ ከኢማኑኤል ኤስተርማን ጋር አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ የሂልየም አቶሞችን በሊትየም ፍሎራይድ ክሪስታል ላይ ወረወረ። ክሪስታል ማለት እንደ ገበታ ጨው አቶሞቹ በሥርዓት ተሰልፈው የቆሙበት ጠጣር ነው። ሂልየም ቀላልና ከሌላ ነገር ጋር የማይዋሐድ ስለ ሆነ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የላይኛውን ገጽ ብቻ ነክቶ ይመለሳል። በ1930 የታተመው ውጤታቸው እንዳሳየው፣ አቶሞቹ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ተከፋፍለው ተመለሱ። ይህም የሞገድ ጠባይ ነው። ስለዚህ ሙሉ አቶም እንደ ሞገድ እንደሚሄድ ተረጋገጠ።

ሥራው ገና ሳይፈጸም በ1933 ናዚዎች የጀርመንን መንግሥት ያዙ። ኤስተርማንና ሌሎች ረዳቶቹ አይሁድ በመሆናቸው ከሥራ ተባረሩ። ሽተርንም ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ነገር ግን እስኪያባርሩት አልጠበቀም። ወንበሩንና በብዙ ድካም ያቋቋመውን ላቦራቶሪ በፈቃዱ ትቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፒትስበርግ ተሰደደ። የ1943 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በሐምቡርግ የነበረው ላቦራቶሪ ግን ተመልሶ አልተገኘም።

በክሪስታል ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ግን ዝም ብለው አይቆሙም፤ ዘወትር ይንቀጠቀጣሉ። ሂልየሙ ሲነካቸው ጥቂት ኃይል ይሰጣቸዋል ወይም ይወስድባቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ሲመለስ ፍጥነቱ ይለወጣል። ይህን ጥቂት ለውጥ ለመለካት ሁሉም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄዱ አቶሞች ያስፈልጋሉ። በሽተርን ዘመን ይህ አልተቻለም። ሽተርን በ1969 በአሜሪካ በበርክሌይ ከተማ በ81 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ከ10 ዓመት ያህል በኋላ፣ በጀርመን በጎቲንገን ፒተር ቶኒስና ጓደኞቹ በዚያው በሊትየም ፍሎራይድ ላይ የገጹን ንቅጥቃጤ በሂልየም ለኩ።

የኢሉባቦር ገበሬ ቡና ሲተክል ፍሬውን የሚያየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሽተርን የተከለውን የለቀሙት ግን ሌሎች ናቸው። ተማሪ ሆይ፤ የጀመርከውን ሥራ አንተ ባትፈጽመው እንኳ በንጹሕ ልብ ከሠራኸው የሚፈጽመው አይጠፋም።