እቴጌ ጣይቱ በሰንጠረዡ ላይ

መቼም ጫጫ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክን አለማንሳት አይቻልም፡፡ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ጫጫ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1836 ዓ.ም. ለተወለዱባት ለአንጎለላ ጎረቤት ናት፡፡ እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ባለቤታቸውን እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ነው፡፡ ምክንያቴም ቼዝ ነው፡፡

ጫጫ ባደርኩ ቁጥር ብርዱ ከቤት ስለማያስወጣኝ በኢንተርኔት ከኮምፒውተር ጋር ቼዝ እገጥማለሁ፡፡ የምወደው ማጥቃት ነው፡፡ ሰው ሲያጠቁት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥም ይሳሳታል፡፡ ኮምፒውተር ግን መደንገጥ አያውቅም፡፡ የሠዉለትን ፈረስ በልቶ ጨዋታውን ይቀጥላል፡፡ እሱን የሚያስጨንቀው አስቀድሞ የተሰናዳ ጥቃት ብቻ ነው፡፡

አባቶቻችን ይህንን ያውቁት ነበር፡፡ የአገራችን ሰንጠረዥ የሚጀመረው በወረራ ነው፡፡ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ ዓይናቸውን ከባላጋራቸው ሳይነቅሉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፡፡ ጣይቱ በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩም ይነገርላቸዋል፡፡

ጣይቱ የስሜን መሳፍንት ዘር ናቸው፡፡ አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሣ ድል ሲሆኑ የቤተሰቡ ኃይል ተሰበረ፡፡ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር ሲጋቡ ሸዋ ለእሳቸው የሰው አገር ነበር፡፡ የእሳቸውም ወረራ የተጀመረው ያኔ ነው፡፡ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ዋናዋ ሰው እሳቸው ነበሩ፡፡ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፡፡ ወንድማቸው ወሌም የጁን ያዙ፡፡

ከጣሊያን ጋር የተደረገው ሙግት ለሕግ ሰው ትምህርት ነው፡፡ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ በጣሊያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ ትችላለች ሲል፣ በጣሊያንኛው ደግሞ ያስገድዳታል፡፡ አንቶኔሊ ለማግባባት ሲመጣ አንድ ስንዝር ያልለቀቁት እቴጌይቱ ነበሩ፡፡ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፡፡

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር የእኛ ሰዎች በድፍረት እየገሰገሱ ቢገጥሙትም ብዙ ሰው አልቆ ምሽጉ አልተነቃነቀም፡፡ ምሽግ እንደ ኮምፒውተር ነው፤ አይደነግጥም፡፡ ጣይቱ ግን ከምሽጉ ውጪ ያለችውን ምንጭ አዩ፡፡ ውኃው እንዲያዝ መከሩ፣ ተያዘም፡፡ ከአንድ ሺህ የሚበልጠው ጦር በጥም ተይዞ ምሽጉን ለቀቀ፡፡ በሰንጠረዥ ወግ ንጉሥን በፈረስ ማሰር ብዙም አያስከብርም፤ የሚያስመሰግነው በትንንሾቹ ማሰር ነው፡፡ የካቲት 23 ቀን ደግሞ ዓድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰለፉ፡፡

ብዙዎቻችን ታሪካቸውን እዚህ ላይ እናቆማለን፡፡ የቀረውን የሚያነሱት ደግሞ ሥልጣን ወዳድ ነበሩ ብለው ይዘጉታል፡፡ እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፡፡ ምኒልክ በደዌ ሲወድቁ ዘመድ መሾምና በጋብቻ መተሳሰር የዘመኑ መኳንንት ሁሉ ሥራ ነበር፡፡ በእሳቸው ላይ ብቻ ለምን ወንጀል ይሆናል? ጉድለቱ ሌላ ነው፡፡ አልጋ ወራሽ የሆኑትን ልጅ ኢያሱን ትተው፣ የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ያገቡትን የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ለዙፋን ሲያስቡ በዙሪያቸው የተሰለፈው የገዛ ዘመዳቸው ብቻ ነበር፡፡ አንኮበር ላይ የተጀመረው ወረራ ሸዋን ከጎናቸው አላሰለፈም፡፡ ደጋፊ ጠጠር የሌላት ንግሥት የቱንም ያህል ብትገሰግስ ትከበባለች፡፡ መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተባብረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሱ፣ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው፡፡

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም ወጡ፡፡ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፡፡ የካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ፡፡ ጣይቱ ያሰቡት እርምጃ ተሳካ፤ ያሳካው ግን እሳቸውን ከጨዋታ ያስወጣው የሸዋ መኳንንት ነበር፡፡ ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው እንጦጦ አረፉ፡፡