ሻምበል አበበ ቢቂላና የአንገቱ ጉዳት

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው እግሮቹን ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ አንገቱ ነው። የሕይወቱን የመጨረሻ አራት ዓመት ከሰባት ወር የወሰነው የአንገቱ ጉዳት ስለሆነ፣ ከሸነን፣ ከጌዶና ከአምቦ የመጣን ተማሪዎች የምንማርበት ነገር አለ።

አበበ በ1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከተደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ድሉን ደገመ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋም በውስጧ ተይዞ አደረ። ሲያወጡት ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አይታዘዝም ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው። በውስጣቸው የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር የአንጎልን ትእዛዝ ለአካል ያደርሳል። የተሰበረ አጥንት ቢጫነው፣ ጥይት ወይም ጩቤ አንገትን ወግቶ ቢያገኘው፣ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ይሰንፋል። ጉዳቱ ወደ ላይኛው አንገት በቀረበ መጠን የመተንፈሻው ጅማት ጭምር ይነካል። የእጅና የእግር ነርቭ ቢቆረጥ ቀስ ብሎ ሊያድግ ይችላል፤ የኅብለ ሰረሰር ክር ግን መልሶ አይበቅልም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ሳይቆረጥ የተጨፈለቀው ክፍል እብጠቱ ሲቀንስ ሥራውን በከፊል ሊቀጥል ይችላል።

አበበ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር ያልቻለው ሰው እጆቹን መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። የዚህ ሆስፒታል የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር፣ አበበ በሮማ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ተካሂዶ ነበር። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. አበበ ራሱ በዚህ ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ሠረገላ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ በክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ ይህን እናስተምር። በመንገድ አደጋ የወደቀውን ሰው ብብቱንና እግሩን ይዞ ማንጠልጠል በደግነት የሚፈጸም ጉዳት ነው። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደን አናንቀሳቅሰው፤ ማንሣት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ ይደግፍ፣ ሌሎቹ አካሉን ሳያጣምሙ እኩል አንሥተው በጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም በጠነከረ ቃሬዛ ያስተኙት። አንገት የተወጋ እንደሆነ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙን ማቆምና ፈጥኖ ሆስፒታል ማድረስ ይቀድማል። የተሰካውን ስለት ግን ከሐኪም በቀር ማንም አይንቀለው።