የየካቲቱ ጥፋተኛ ማን ነበር? የጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነገር

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ቀርቶ መሥሪያ ቤቶቹን ሲዘጋ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለች የዘወትር ካፌያችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ግማሹ ጠጪ እህት ወይም ወንድም ዋሽንግተን አለው፤ ከዘመዱ በስልክ የሰማውን ይዞ ይመጣል። ዴሞክራቶቹ የጤና መድን ድጎማው ካልተራዘመ አንፈርምም አሉ፤ ሪፐብሊካኖቹ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ስለ ጤናው በኋላ እንነጋገራለን አሉ። እንዲህ ሲካሰሱ 43 ቀን ሞላ። መሥሪያ ቤቶቹ የተከፈቱት ኅዳር 3 ቀን ነው። ለነገሩ የበጀት ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር ቢሮ መዝጋት ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት የሕግ አስተያየት እንጂ ከዚያ በፊት በጀት ቢዘገይም ሥራው ይቀጥል ነበር። የሕግ ሰው የጻፈው ወረቀት አገር ሊያቆም እንደሚችል ለማየት እንኳ ደግ ምሳሌ ነው።

እኔን ግን ያ ሁሉ ክርክር የወሰደኝ ወደ ሌላ መንግሥትና ወደ ሌላ የተሐድሶ ሰነድ ነው። የእኛ አገር መንግሥት ሥራው ቆሞ፣ ሹማምንቱ ጣት ሲቀሳሰሩ የታየበት ወር የካቲት 1966 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያኔ ዳዴ ከማለት ያልወጣሁ ሕፃን ነኝ፤ የማውቀው ከመጻሕፍትና መምህር ከነበሩት አጎቴ አፍ ነው። አጎቴ አድማውን ከመቱት አንዱ ነበሩ። እስኪሞቱ ድረስ ጥፋቱን በሙሉ በአንድ ሰው ላይ ሲጭኑ ኖሩ፤ በጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ላይ። ሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ መዝገብ ማገላበጥ ስጀምር ነው ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ የቡልጋ ሰው፣ ካህን ናቸው። ይህ ዝርዝር ትንሽ ይመስላል እንጂ የኋላውን ሁሉ ያስረዳል፤ የቄስ ልጅ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ወገን አይደለም። ርስትም ጦርም የለውም፤ የቆመው በንጉሡ ፈቃድና በተማረው ትምህርት ላይ ብቻ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የፈለጉት ይህንኑ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ታላቅ ወንድማቸው መኰንን ሀብተ ወልድ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሰው ሆኑ፤ አካለ ወርቅም ሚኒስትር ሆኑ። አክሊሉ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ ተማሩ፤ ከዚያ ፓሪስ ገብተው ሕግ አጠኑ።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር ወጣቱ ሕግ አዋቂ ፓሪስ ባለው ሌጋሲዮናችን ነበሩ። ጄኔቭ ላይ የኢትዮጵያ አቤቱታ ሲሰማ በመዝገቡ ሥራ ተሳተፉ። ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ስትወድቅም በፖርቱጋል በኩል አምልጠው ግብፅ ደረሱ። ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያሳዩት ሥራ፣ በእኔ ግምት፣ የሕይወታቸው ጫፍ ነው። ሰኔ 1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ላይ ከፈረሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ እሳቸው ናቸው። በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ከኢጣሊያ ጋር ተፋጠጡ፤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ ነው። ያ ፌዴሬሽን ኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው መሆናቸውን ግን መዝለል አይቻልም። የሠራውን ሕግ ሲያፈርሱት ዝም ያለ ጠበቃ ምን ይባላል? የሙያ ባልደረቦቼ ይፍረዱ።

ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ያገኙት በደም ማግስት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተረሸኑት ታላላቅ ሰዎች መካከል ወንድማቸው መኰንን ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ አበበ አረጋይም በዚያው ወደቁ። በሚያዝያ ወር አክሊሉ በወንበሩ ተቀመጡ፤ ሳይነሡም አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀረው።

ወንበሩ ግን ምን ዓይነት ወንበር ነው? የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የከፈተ ሰው መልሱን ያገኛል። ሚኒስትሮችን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ፤ እያንዳንዱ ሚኒስትርም ተጠያቂነቱ ለንጉሠ ነገሥቱ። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የካቢኔ አባላቱን መርጦ ለንጉሡ እንዲያቀርብ ተፈቀደ፤ ትልቅ ለውጥ ተብሎ ተወራለት። ጉዳዩ ግን እንደ ዱሮው በየሚኒስትሩ እጅ ተይዞ ቤተ መንግሥት መግባቱን አልተወም። ፓርላማ አለ፤ ፓርቲ የለም። ፓርቲ በሌለበት አገር ደግሞ የወገን ክፍፍል የለም ማለት አይደለም። አንድ ወገን የአክሊሉ፣ ማለትም የተማሩት ሹማምንት፤ ሌላው የመኳንንቱ፣ የዘውድ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የራስ አሥራተ ካሣና የመሰሎቻቸው። በመሐል ኦክስፎርድ የተማሩት፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ልጅ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ሁሉም እርጅና የተጫናቸውን ንጉሥ ጆሮ ይሻማሉ። በጋዜጣ አይካሰሱም፤ በሹክሹክታ እንጂ።

እንግዲህ ወደ የካቲት። ወሎ በረሃብ አልቋል፤ መንግሥት ደብቆት የነበረው ጉድ በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቷል። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ያለው ጦር አምፆ፣ ሊያናግር የተላከውን ጄኔራል ይዞ ወታደሩ የሚበላውን አብልቶታል። ነዳጅ በዓለም ገበያ ተወዶ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። በዚህ ሁሉ ላይ ነው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተጨመረበት።

ሰነዱን በኋላ ሳነበው፣ እውነት ለመናገር፣ የሞኝ ሥራ ሆኖ አላገኘሁትም። አብዛኛው የገጠር ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር በሚያድግበት አገር ጥቂቶቹን ዩኒቨርሲቲ ከማድረስ ይልቅ ለሁሉም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ ይላል። ችግሩ ማን ጠየቀን የሚለው ነው። የከተማው ወላጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀርብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። መምህሩ ደግሞ ሥራው ሊጨመርበት ደመወዙ ግን እዚያው ሊቆም እንደሆነ ተረዳ። አጎቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ተማሪው ከጎናቸው ቆመ። የካቲት 11 ቀን መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ ባለ ታክሲዎቹም በቤንዚኑ ምክንያት በዚያው ዕለት አቆሙ፤ አውቶቡሱ በድንጋይ ተደበደበ። ከተማዋ ጸጥ አለች። ንጉሡ የካቲት 16 ቀን የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፣ ሰነዱም እንዲዘገይ አደረጉ። ግን ዘግይቷል፤ በቀናት ውስጥ አሥመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ።

የካቲት 20 ቀን አክሊሉና ካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። በማግሥቱ እንዳልካቸው ተተኩ። እስከዚያ ድረስ ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሻራል እንጂ በጅምላ ተነሥቶ ይሄዳል የሚል ልማድ አልነበረንም። ለምን ለቀቁ? ሁለት ወሬ አለ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ደጋፊ አላቸው። የአክሊሉ ወገን፣ መኳንንቱ ጦሩን ተገን አድርገው ገፏቸው ይላል። ሌላው ወገን፣ አክሊሉ እሳቱን ለተቀናቃኞቻቸው ጥለው ሸሹ፣ ያለ እኔ አይሆንላቸውም ብለውም አሰቡ ይላል። እኔ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት እንዳለው እጠረጥራለሁ። የማያጠራጥረው፣ እንዳልካቸው ወንበሩን ሲይዙ ያለፈውን ካቢኔ ጥፋተኛ ማድረግ ለአዲሱ መንግሥት የሚመች መንገድ እንደነበር ነው። ሕዝቡም ወታደሩም ይህንኑ ጠየቀ። በሚያዝያ ወር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ታሰሩ።

ከዚያ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት ይህ ኮሚሽን ሹማምንቱን እየጠራ ጠየቀ። እኔ እንደ ሕግ ሰው ከዚያ ዘመን ሁሉ የምወደው ተቋም ይህ ነው፤ ጥፋት በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ይለይ የሚል ሐሳብ ነበረውና። አክሊሉም በእስር ቤት ሆነው ሕይወታቸውንና ሥራቸውን የሚተርክ ጽሑፍ ለኮሚሽኑ ጻፉ። ኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ያነበበ ሰው የሚያስተውለው፣ ስለ ሳን ፍራንሲስኮና ስለ ኤርትራ ሙግት ሲጽፉ እንዴት እንደሚፈታቱ ነው፤ ብዕራቸው የሚኮራው በዲፕሎማሲው ዘመን እንጂ በጠቅላይ ሚኒስትርነቱ አይደለም።

እንዳልካቸውም አልሰነበቱም። ሐምሌ 15 ቀን ተሽረው፣ ብዙም ሳይቆይ ካሳሰሯቸው ሰዎች ጋር ታሰሩ። መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ራሳቸው ወረዱ። ኮሚሽኑ መዝገቡን ሳይዘጋ፣ ፍርድ ቤት አንድም ክስ ሳይሰማ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት እስረኞቹ ወደ ከርቸሌ ተወሰዱ። ደርግ በማግሥቱ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው አለ። ስልሳ ያህል ሰው በተገደለበት በዚያ ሌሊት አክሊሉ ነበሩ፤ ወንድማቸው አካለ ወርቅ ነበሩ። ልጅ እንዳልካቸውም ነበሩ። ራስ አሥራተ ካሣም ነበሩ።

የእነሱ ግድያ ከደርግ ባለሥልጣናት የክስ ጭብጦች አንዱ ሆኖ ፍርድ ቤት የቀረበው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነበር። አጎቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ዜናውን በሬዲዮ አብረን ሰማን። ስለ ሴክተር ሪቪው ሊነግሩኝ ጀመሩና ተዉት፤ ሬዲዮውን ዘግተው ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠየቁኝ።