ቃሉን ጠብቆ የተመለሰ ሰው፤ የዮሐንስ ማርቲን ፍላድና የባለቤቱ የጳውሊና ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ቆመህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትመለከት የዘጌን ደን ታያለህ። በቡናውና በገዳማቱ የታወቀው ይህ ምድር በ1866 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ሰፍሮበት ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የምታያቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስተውል። በዚያ ወራት አንድ የወንጌል ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት ትቶ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ታሪኩን የምነግርህ በልብህ እንድትመረምረው ነው።

ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ በ1831 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቩርተምበርግ ተወለደ። በወጣትነቱም በባዝል ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ሳንክት ክሪሾና ቤተ ትምህርት ገባ። ይህን ቤት በ1840 ዓ.ም. ያቋቋመው ሽፒትለር የሚባል ሰው ሲሆን፣ አሳቡም የሚላኩት ወንድሞች የእጅ ሥራ የሚያውቁ እንዲሆኑ ነበር፤ በቀን በእጃቸው እየሠሩ እንጀራቸውን እንዲያገኙ፣ በአኗኗራቸውም ወንጌልን እንዲያሳዩ ነው። በኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ሳሙኤል ጎባትም ቀድሞ በጎንደር ኖሮ አገራችንን ያውቅ ነበርና፣ በ1855 ዓ.ም. ፍላድ ከክራፕፍ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ባለ እጆች እንዲመጡ ፈቀዱ።

ፍላድ ትዳር በፈለገ ጊዜ የምታስብለትን ቤት ብቻ አልፈለገም። በኢየሩሳሌም ሕሙማንን የምታገለግል ጳውሊና ኬለር የምትባል ዲያቆናዊት እኅት ነበረች፤ እርስዋን አገባ። እርስዋ ከትውልድ አገርዋ ርቃ መኖርን፣ የታመመውን ማጠብንና ሌሊት መንቃትን አስቀድማ ለምዳ ነበር። የሱዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተም ነበርና ወደ አገራችን ለመምጣት ብዙ ሳምንት በባሕር፣ በበረሃና በተራራ መጓዝ ግድ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ስንቅ በሣጥን የሚታሰረው ብቻ አልነበረም፤ የተማረ እጅ፣ የታገሠ ልብና የአማርኛ ቋንቋ ትልቁ ስንቃቸው ነበር። የጎጃም ተወላጅ የነበረው አቡ ሩሚ በግብጽ አገር የተረጐመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አስቀድሞ ታትሞ ነበርና፣ ለሥራቸው መሠረት ሆነላቸው።

ከጣና በስተ ሰሜን በደምቢያ ጀንዳ በሚባል ስፍራ ተቀምጠው በቤተ እስራኤል መካከል አስተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ያመኑት ሁሉ በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ አዝዘው ነበር፤ እነርሱም ትእዛዙን ተቀበሉ። እንግዳ ሰው የቤቱን ባለቤት ሥርዓት ሊያከብር ይገባዋልና።

ነገር ግን መከራ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ደግሞም ሽተርን የተባለው ወንጌላዊ በመጽሐፉ ስለ ንጉሡ ትውልድ የጻፈው ነገር ቍጣን አነሣ። ከ1863 ዓ.ም. ጀምሮ ሚሲዮናውያኑና የእንግሊዝ ቆንስል ታሰሩ፤ የፍላድም ቤት ከዚህ መከራ አልዳነም። በጋፋት የነበሩት ባለ እጆች ደግሞ መድፍ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለሰላም የመጣ እጅ ለጦርነት ሲሠራ ማየት እንዴት ያሳዝናል! ወደ ሌላ አገር የምትሄድ ሆይ፤ ሙያህ ለምን እንደሚፈለግ አስቀድመህ መርምር፤ ስለ አስተናጋጅህም የምትጽፈውን ቃል መዝን።

በ1866 ዓ.ም. ከፋሲካ ጥቂት ቀን በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳምና ባልንጀሮቹ በዘጌ ተያዙ። ንጉሠ ነገሥቱም ፍላድን ሌሎች ባለ እጆች እንዲያመጣ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት፤ ጳውሊናና ልጆችዋ ግን እስኪመለስ ድረስ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ሎንዶን ደረሰ፤ ንግሥቲቱም ተቀበለችው። ባለ እጆች ተቀጥረው እስከ ምጽዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ ሳይፈቱ ባለ እጆቹ ወደ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም በል። ከፊቱ የተቈጣ ንጉሥ አለ፤ በእጁም የተጠየቀው ነገር የለም። ብዙ ሰው በምጽዋ ተቀምጦ የተሻለ ወሬ በጠበቀ ነበር። ፍላድ ግን በ1867 ዓ.ም. ባዶ እጁን ወደ ደጋው ወጣ። ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ፍቅር ሳበው፤ ደግሞም የሰጠው ቃል ነበረበት። በንጉሠ ነገሥቱም ፊት የመንግሥቱን ውሳኔ አልሸሸገም፤ ጦር ሊመጣ እንደሚችልም ገለጠ። ንጉሡም አልገደሉትም፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ተገናኘ።

ጳውሊናስ? እርስዋ መንገድ አልሄደችም፤ ከንግሥትም ጋር አልተነጋገረችም። ባልዋ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆችዋን ጠበቀች። እኔ ከሁለቱ ማንኛቸው የከበደውን ሸክም እንደ ተሸከመ መፍረድ አልችልም። አንተ ሩቅ አገር ለመሄድ ስታስብ መንገደኛውን ብቻ አትቍጠር፤ በቤት የምትጠብቀውንም ቍጠር።

በ1868 ዓ.ም. 13,000 ያህል ወታደሮች ይዞ ናፒየር መጣ፤ እስረኞቹ ተፈቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በመቅደላ ሞቱ። ፍላድና ቤተ ሰቡ ወደ ኤውሮጳ ተመለሱ። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን እንዲገቡ ስላልተፈቀደ ፍላድ በአገራችን ተቀምጦ መሥራት አልቻለም። ሥራው ግን አልሞተም፤ በሳንክት ክሪሾና የተማረው ኢትዮጵያዊው ሚካኤል አረጋዊ በ1873 ዓ.ም. ተመልሶ ለወገኖቹ አስተማረ። በፍላድ ድካምም የታረመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1886 ዓ.ም. ታተመ። ፍላድ በ1915 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ በኮርንታል ዐረፈ።

ዛሬ ከአገራችንም ባልና ሚስት ሆነው ለወንጌል ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ አሉ። እናንተ ሆይ፤ ሣጥናችሁን ከማሰራችሁ በፊት በአንድነት ተቀምጣችሁ ተጠያየቁ። ሙያ አለን? የሕዝቡን ቋንቋ ለመማር ትሕትና አለን? ሁለታችንም ወደናል ወይስ አንዳችን ሌላውን እየጐተተ ነው? የሰጠነውን ቃል ባዶ እጃችንን ሆነን እንኳ እንጠብቃለን? የማትሄደውም አንባቢ አታምልጥ፤ ለጎረቤትህ፣ ለአበዳሪህ፣ ለሚስትህ የሰጠኸው ቃል አለና። በመጣህበት መንገድ ተመልሰህ ቃልህን ፈጽም፤ የምትሰጠው ነገር ባይኖርህም እውነቱን ይዘህ ሂድ።